በደብረ ማርቆስ ደጋ ለወርቃማ ዓሣ ገንዳ የናይትሮጅንን ዑደት ስለ መመሥረት

ጎልድፊሽ የሚባለው ወርቃማ ዓሣ የካርፕ ዘመድ ነው። ቻይናውያን ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ በኩሬና በገንዳ ሲያረቡት ኖረዋል፤ ወደ አውሮፓ የገባው በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ነው። ወደ እኛ አገር መኖሪያ ቤቶች የደረሰው ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ ስለ ሆነ አያያዙን ከአባቱ ወይም ከእናቱ የተማረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ላም ማለብንና ቀፎ መስቀልን ማንኛውም የጎጃም ልጅ ከቤቱ ያገኘዋል፤ ዓሣን በመስታወት ገንዳ ማኖርን ግን ከመጽሐፍ መማር ግድ ነው።

ስለዚህም አንድ ዐይነት ነገር ደጋግሞ ይደርሳል። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ሁለት ዓሣዎች በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ይመጣል። ገንዳውን አሳምሮ ያጥባል፤ ንጹሕ የቧንቧ ውኃ ይሞላበታል። ዓሣዎቹ ለጥቂት ቀን ደኅና ይበላሉ፤ ከዚያ በኋላ አንደኛው አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ ማለክለክ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሳምንት ሳያልቅ ገንዳው ባዶውን ይቀራል። ውኃው ግን ያን ጊዜም ቢሆን እንደ መጀመሪያው ቀን ጠርቶ ይታያል። ባለቤቱ የደብረ ማርቆስን ብርድ ይወቅሳል፤ ጎረቤት ደግሞ ዐይን በላው ይላል። ዐይኑ በዚህ ነገር የለበትም። ብርዱ ግን ከደሙ ፍጹም ንጹሕ አይደለም፤ የእርሱን ድርሻ በቦታው እናነሣዋለን።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው የናይትሮጅን ዑደት ሥዕል ላም፥ ዛፍ፥ መብረቅና የባቄላ ሥር ነበረበት፤ ዓሣ ግን አልነበረበትም። እኛም ዑደቱ የእርሻ መሬት ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ይኸው ዑደት አራት ጀሪካን ውኃ በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ከመሬቱ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱም በገንዳው ውስጥ ስሕተትን የሚያሰፋና የሚያቀጥን ሜዳ የለም። የተበላሸው ነገር ሁሉ እዚያው ዓሣው አፍንጫ ሥር ይቆያል።

ነገሩን በቍጥር እንየው። ገንዳችን 80 ሊትር ይያዝ፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ጊዜ መገልበጥ ነው። ለሁለቱ ዓሣዎች በቀን 2 ግራም ምግብ እንሰጣለን እንበል። የዓሣ ምግብ ከመቶ 40 ያህሉ ፕሮቲን ቢሆን በ2 ግራሙ ውስጥ 0.8 ግራም ፕሮቲን አለ። ከፕሮቲን ከመቶ 16 ያህሉ ናይትሮጅን ስለ ሆነ 128 ሚሊግራም ናይትሮጅን በየቀኑ ወደ ገንዳው ይገባል ማለት ነው። ዓሣው ከዚህ ለሥጋው የሚያስቀረው ከፊሉን ብቻ ነው፤ ግማሹ እንኳ አሞኒያ ሆኖ ቢወጣ 64 ሚሊግራም፥ በሊትርም 0.8 ሚሊግራም ይሆናል። እኛ ከሰውነታችን የሚወጣውን ናይትሮጅን ወደ ዩሪያ ለውጠን በሽንት እናስወግደዋለን፤ ዓሣ ግን አብዛኛውን በአሞኒያነቱ በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ይለቀዋል። በወንዝ ወይም በሐይቅ ውስጥ ይህ ጉዳት የለውም፤ ውኃው ይዞት ይሄዳል። በገንዳ ውስጥ ግን የሚሄድበት የለም።

አሞኒያ በውኃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው አሞኒየም የሚባለው ነው፤ እርሱ ብዙም አይጐዳም። ሁለተኛው ነጻው አሞኒያ ነው፤ ይህ በስንጥቡ ሽፋን በቀላሉ ዘልቆ ስለሚገባ በሊትር ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊግራም ሲደርስ እንኳ ለብዙ ቀን ከቆየ ዓሣውን ያሠቃያል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሚዛን የሚወስኑት የውኃው ፒ.ኤች. እና ሙቀቱ ናቸው። በ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፥ ማለትም በደብረ ማርቆስ አማካይ ሙቀት አካባቢ፥ ፒ.ኤች. 7 ከሆነ ነጻው አሞኒያ ከጠቅላላው ከመቶ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ፒ.ኤች. 8 ሲሆን ከመቶ 3 ገደማ ነው፤ ፒ.ኤች. 9 ሲሆን ግን ከመቶ 23 ይደርሳል። እንግዲህ ፒ.ኤች. 8 በሆነ ውኃ የአንድ ቀን አሞኒያ ከመጀመሪያው የአደጋ ወሰን ላይ ያደርሰናል፤ የአራት ቀኑ ደግሞ ወደ 0.09 ሚሊግራም ከፍ ያደርገዋል። ዓሣው ማለክለክ የሚጀምረው ስለዚህ ነው። ውኃው ጠርቶ መታየቱም አያስደንቅ፤ አሞኒያ ቀለም የለውም፤ በዚህም መጠን አይሸትም።

ይህን መርዝ የሚያስወግዱት ረቂቃን ተሕዋስያን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያን ከኦክሲጅን ጋር አዋሕደው ናይትራይት ያደርጉታል፤ ሁለተኛዎቹ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው። ወደ ደም ገብቶ ሄሞግሎቢንን ስለሚለውጠው ደሙ ቡናማ ይሆናል፤ ኦክሲጅንም መሸከም ይሳነዋል። ስለዚህ ገንዳው አሞኒያን ድል አደረገ ብለን ደስ ሲለን ዓሣው እንደ ገና ወደ ላይ ወጥቶ ማለክለክ ይጀምራል። ናይትሬት ግን በመጠኑ ከሆነ ለወርቃማ ዓሣ የዋህ ነገር ነው።

ለውጡ የሕያዋን ሥራ መሆኑ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1877 ነው። ሽሎዚንግና ሙንትስ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በፈረንሳይ አገር አንድ ረዥም የመስታወት ቧንቧ በአሸዋና በተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሞልተው የከተማ ቈሻሻ ውኃ ቀስ እያለ እንዲያልፍበት አደረጉ። ሃያ ቀን ያህል ምንም ለውጥ አልታየም፤ አሞኒያው እንደ ገባ ይወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ናይትሬት መታየት ጀመረ። ነገሩ የኬሚካል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሃያ ቀን የሚያስጠብቀው ምክንያት አልነበረም። የክሎሮፎርም ትነት ባስገቡበት ጊዜ ሥራው ቆመ፤ ክሎሮፎርሙን አስወግደው የለም አፈር እጣቢ ጨምረው ሲጠብቁ እንደ ገና ጀመረ። ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው ያ የመስታወት ቧንቧ የዛሬው የዓሣ ገንዳ ማጣሪያ ታላቅ ወንድም መሆኑን ወዲያው ያስተውላል፤ ያ የሃያ ቀን ዝምታም ዓሣዎቻችን የሚሞቱበት ጊዜ ነው።

ተሕዋስያኑን ለይቶ በማውጣት በ1890 የተሳካለት ሩሲያዊው ቪኖግራድስኪ ሲሆን በዚያን ጊዜ የሚሠራው በዙሪክ ከተማ ነበር። ናይትሮሶሞናስና ናይትሮባክተር የሚሉት ስሞች ከዚያ ዘመን ጀምሮ በየመጽሐፉ ይገኛሉ። ሆኖም በዓሣ ገንዳ ረገድ ይህ ትምህርት መታረም ያስፈለገው ነው። በ1998 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በጨው አልባ ውኃ ገንዳዎች ውስጥ ናይትራይትን የሚለውጠው ናይትሮባክተር ሳይሆን ናይትሮስፒራ መሆኑን አሳዩ። በ2005 አሞኒያን የሚለውጥ፥ ከባክቴሪያም ወገን ያልሆነ አርኬያ የሚባል ተሕዋስ በሲያትል ከተማ ከሚገኝ የሕዝብ ዓሣ ማሳያ ገንዳ ተለይቶ ወጣ። በ2015 ደግሞ ሁለቱንም ደረጃ ብቻውን የሚፈጽም ናይትሮስፒራ እንዳለ ታወቀ፤ ይህን ካገኙት ሁለት ቡድኖች አንዱ ናሙናውን የወሰደው ከዓሣ ማርቢያ ማጣሪያ ነው። ተራ የሚመስለው የዓሣ ገንዳ ለሳይንስ እንዲህ ያለ ውለታ መዋሉ ብዙ ጊዜ አይነገርለትም።

እነዚህ ተሕዋስያን እጅግ ዘገምተኞች ናቸው። ወተት የሚያረጋው ዐይነት ባክቴሪያ ሲመቸው በደቂቃዎች ውስጥ ሲባዛ፥ አሞኒያ ለዋጮቹ ግን በምቹ ሙቀት እንኳ አንድ ጊዜ ለመባዛት የግማሽ ወይም የአንድ ቀን ጊዜ ይፈልጋሉ። የብርዱ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈጀው ዑደት በእኛ ደጋ፥ የጮቄ ነፋስ ሌሊቱን በሚያበርደው ቤት፥ ሁለት ወር ወይም ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሞቃት አገር ለሚኖር ሰው የተጻፈ መመሪያ ይዞ ቀኑን የሚቈጥር ሰው ገና ባልደረሰ ገንዳ ውስጥ ዓሣ ያስገባል። ወርቃማው ዓሣ ራሱ ግን ብርድ አይፈራም፤ ለደጋ የተመረጠውም ስለዚሁ ነው። የጣና ቆሮሶ ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ስለሚገታ ለደብረ ማርቆስ ቤት አይመችም።

ከፍታውም የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በ16 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ዳርቻ ያለ ውኃ በሊትር 10 ሚሊግራም የሚጠጋ ኦክሲጅን ሲይዝ እዚህ ግን የሚይዘው ወደ 7 ተኩል ገደማ ነው። አንድ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.6 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይፈልጋል። እንግዲህ የቀኑን 0.8 ሚሊግራም ለመለወጥ በሊትር 3.7 ሚሊግራም ኦክሲጅን ይወጣል፤ ይህም ውኃው በአንድ ጊዜ ሊይዝ ከሚችለው ግማሽ ያህል ነው፤ ዓሣዎቹ የሚተነፍሱት ሳይቈጠር። ስለዚህ አየር የሚነፋ ፓምፕ ወይም ውኃውን እያነሣ የሚያፈስስ ማጣሪያ በደጋ እንደ ጌጥ ሊቈጠር አይገባም። ክብ የሆነ፥ አፉ የጠበበ፥ በሱቅ ጠረጴዛ ላይ የሚያምር የመስታወት እንክብል ደግሞ ለዓሣ መኖሪያ ከሁሉ የከፋ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። እርሾ የሌላት ባለቤት አዲስ ቡሖ ስታቦካ ከጎረቤቷ እርሾ ትለምናለች፤ ያለ እርሾም ሊጡ ይቦካ ይሆናል እንጂ ቀኑ ይረዝማል፤ እንጀራውም አይታመንም። ለገንዳም እንዲሁ ነው። ቀድሞ ገንዳ ያቋቋመ ወዳጅ ካለ ከማጣሪያው አንድ እፍኝ ጠጠር ወይም የስፖንጁን ጭማቂ በርጥቡ ይዞ መምጣት ከሳምንታት ጥበቃ ያድናል። በመንገድ ከደረቀ ግን ከንቱ ነው። ወዳጅ የሌለው ሰው መድኃኒት ካልተረጨበት የጓሮ መሬት ጥቂት አፈር በውኃ በጥብጦ፥ አዝቅጦ፥ ከላይ ያለውን ሊጨምር ይችላል፤ ሽሎዚንግና ሙንትስም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ተሕዋስያኑ በውኃው ውስጥ እየዋኙ አይኖሩም፤ በጠጣር ነገር ላይ ተለጥፈው ይኖራሉ። ስለዚህ ብዙ ገጽ ያለው ነገር ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ግንበኞች ቀይ አሽ የሚሉት ቀላልና ባለ ብዙ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እጅግ ተስማሚ ነው። ከባሕር ማዶ በውድ ዋጋ ከሚመጣው የማጣሪያ ሸክላ የሚያንስበት ምክንያት አይታየንም። አቧራው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ማጠብ ብቻ ይበቃዋል።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለበት ተሕዋስያኑንም ዓሣውንም ይፈጃል። በሰፊ ባልዲ ክዳኑን ከፍቶ አንድ ቀን ማሳደር ተራውን ክሎሪን ያስወግዳል፤ ክሎራሚን የሚባለውን ግን አያስወግድም፤ ለእርሱ በሱቅ የሚሸጥ ማርከሻ ያስፈልጋል። አፍልቶ የሚያቀዘቅዝ ሰው ደግሞ ኦክሲጅኑንም አብሮ ስለሚያባርር ውኃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ ከፍ አድርጎ እየገለበጠ አየር ያስገባበት።

ዓሣ ሳይገባ ተሕዋስያኑን የምንመግባቸው ምንድን ነው? በውጭ አገር የጠራ የአሞኒያ ፈሳሽ ከሱቅ ይገዛሉ። በእኛ አገር ግን በየገበሬው ጎተራ ከዚህ የሚቀርብ ነገር አለ፤ ይኸውም ዩሪያ ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ ከመቶ 46 ናይትሮጅን ነው፤ በውኃ ውስጥም ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። 10 ግራም ዩሪያ በአንድ ሊትር ውኃ ማሟሟት፤ ከዚያ 60 ሚሊሊትሩን፥ ማለትም አንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ የማይሞላውን፥ ወደ 80 ሊትሩ ገንዳ ማፍሰስ ነው። ይህም በሊትር 3 ተኩል ሚሊግራም ገደማ ናይትሮጅን ይሰጣል። ኤን.ፒ.ኤስ. የሚባለውን ቅልቅል ማዳበሪያ መጠቀም ግን አይገባም፤ ፎስፎሩ ገንዳውን አረንጓዴ ሽበት ያለብሰዋል። ማዳበሪያውን የሚጨምር ሰው ዓሣ በገንዳው ውስጥ አለመኖሩን ያረጋግጥ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ በቀለም በሚለይ የመመርመሪያ ጠብታ መለካት ያስፈልጋል። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፤ ቀጥሎ አሞኒያው ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ወርደው ናይትሬት ብቻ ይቀራል። አሞኒያው ባለቀ ቍጥር የመጀመሪያውን መጠን ግማሽ መጨመር ተሕዋስያኑ እንዳይራቡ ያደርጋል። የጨመርነው ሁሉ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ አልቆ አሞኒያም ናይትራይትም ባዶ ሆኖ ከተገኘ ገንዳው ደርሷል። የዚያን ጊዜ የውኃውን አብዛኛውን ክፍል ለውጦ ዓሣውን ማስገባት ይቻላል።

ዓሣው አስቀድሞ ገብቶ ለተቸገረ ሰው የሚሆነው ነገር አነስተኛ ምግብ፥ በየቀኑ ሩብ ያህል ውኃ መለወጥ፥ በናይትራይቱም ጊዜ ጥቂት የገበታ ጨው ነው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ በስንጥቡ በር ላይ ከናይትራይት ጋር ስለሚሻማ መርዙ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ለ80 ሊትር 8 ግራም ጨው፥ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ፥ ለተራ ጊዜ ይበቃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ችግር አለ። ተሕዋስያኑ በሥራቸው አሲድ ያወጣሉ። አንድ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለወጥ በውኃው ውስጥ ካለው አሲድ የማርከስ ኃይል፥ በኖራ ድንጋይ ሲሰላ፥ 7 ሚሊግራም ያህል ይበላል። ይህ ኃይል በሊትር 60 ሚሊግራም ብቻ በሆነበት ለስላሳ ውኃ የሁለቱ ዓሣዎች አሞኒያ በዐሥር ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። ከዚያ ፒ.ኤች. በድንገት ይወድቃል፤ ተሕዋስያኑም ሥራቸውን ያቆማሉ። በምሥራቅ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ የሚታየው የአሲድነት ችግር ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ይኸው ለውጥ አለበት፤ በአሞኒያ መልክ የተሰጠ ማዳበሪያ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አፈሩን ያመርረዋል፤ ገበሬውም መሬቱን በኖራ ያክመዋል። ለገንዳውም መድኃኒቱ ያው ነው። ከደጀን ወደ ዐባይ በረሓ ሲወረድ ከሚገኘው የኖራ ድንጋይ ቡጢ የሚያህል ቁራጭ በማጣሪያው ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። በዚያው ገደል ጀሶ የሚሆነው ድንጋይም ስላለ ሰው እንዳይሳሳት፤ ሎሚ ሲንጠባጠብበት የሚፍለቀለቀው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝም የሚለው ጀሶ ነው፤ እርሱም አሲድን አያረክስም።

ዑደቱ ከተመሠረተ በኋላ የሚቀረው ናይትሬት ነው። በምሳሌያችን በቀን በሊትር 3 ተኩል ሚሊግራም፥ በሳምንት 25 ያህል ይጨምራል። በየሳምንቱ ግማሹ ውኃ ከተለወጠ መጠኑ ከ50 ብዙ አያልፍም። ሁለት ጀሪካን ውኃ በየሳምንቱ መድፋት ቧንቧ በሚቋረጥበት ከተማ ከባድ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚደፋው ውኃ ናይትሬት ያለበት ስለ ሆነ በጓሮ ላለ ጎመን ከንጹሑ ውኃ ይሻለዋል። ማጣሪያው ሲቈሽሽ መታጠብ ያለበት በዚሁ በሚደፋው የገንዳ ውኃ ነው። በክሎሪን ውኃና በሳሙና አሳምሮ የሚያጥብ ሰው የሁለት ወር ሥራውን በአንድ ሰዓት ያጠፋል።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያንም የቀረውን ኦክሲጅን ጨርሰው መሞት ይጀምራሉ። ጥፋቱ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ቀይ አሹን ከማጣሪያው አውጥቶ በወንፊት ወይም በተበሳ ዕቃ አድርጎ በገንዳው አፍ ላይ ማንጠልጠልና በየሩብ ሰዓቱ በጣሳ የገንዳውን ውኃ ማፍሰስበት ይበቃል፤ እርጥብ ሆኖ አየር ካገኘ ተሕዋሱ ይቆያል፤ ከድንጋዩ ላይ የሚንጠባጠበውም ውኃ ለዓሣው አየር ይዞ ይወርዳል። የዚያን ቀን ምግብ አለመስጠት ነው፤ ወርቃማ ዓሣ አንድ ሳምንት ቢጾም አይሞትም። መብራቱ ሲመጣ ተዘግቶ የቆየው ማጣሪያ የሸተተ እንደ ሆነ በውስጡ ያለውን ውኃ ደፍቶ በገንዳ ውኃ አለቅልቆ መክፈት፤ ለሚቀጥሉት ሦስት ቀናትም አሞኒያውንና ናይትራይቱን መለካት ያስፈልጋል።